ጥራጥሬን ከማባያነት ወደ ዋና ምግብነት፦ ለአንጎል ጤና የሚረዳ የወሎ ማዕድ መመሪያ

በወሎ ማዕድ ላይ ጥራጥሬ የማይቀርብበት ቀን ጥቂት ነው። ደጋው ባቄላና አተር ያበቅላል፤ የደላንታና የጃማ ጥቁር አፈር ምስር፣ የቆቦ ሜዳ ሽምብራ፣ የቃሉና የከሚሴ ቆላ ደግሞ ማሾ ይሰጣል። በደሴም ሆነ በወልድያ ለቤቱ የሚሸምት ሰው ሽሮ ወይም ክክ ሳይዝ ወደ ቤቱ መመለሱ ያልተለመደ ነው። ችግሩ ያለው በመጠኑ ላይ ነው። ሰፊ እንጀራ ተዘርግቶ ሁለት ጭልፋ ቀጭን ሽሮ ሲፈስበት ሆድ ይሞላል፤ ሰውነት ያገኘው ፕሮቲን ግን ከሚገባው በታች ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ አዲስ ወይም ውድ ምግብ ፈልጉ አይልም። የሚጠይቀው ጓዳ ውስጥ ያለው ጥራጥሬ እንጀራን ለማጣፈጥ ብቻ የሚነካ ማባያ መሆኑ ቀርቶ ራሱ እንዲበላ፣ በአግባቡም ተዘጋጅቶ እንዲቀርብ ነው።

አስቀድሞ ከአንጎል ጋር ስላለው ግንኙነት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ በዚህ ጉዳይ ብዙ የተጋነነ ነገር ይነገራልና። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህሉን ብቻ ይዞ ሳለ፣ በዕረፍት ላይ ያለ ሰውነት ከሚያቃጥለው ኃይል 20 በመቶ ገደማውን ይወስዳል። ይህ ሁሉ ኃይልና ኦክስጅን የሚደርሰው በደም ሥሮች በኩል ስለሆነ፣ የደም ሥርን የሚያጠብና የሚያደርቅ ማንኛውም ነገር አንጎልንም ይጎዳል። ጥራጥሬ በውስጡ ያለው አሰር፣ ማለትም በሆድ የማይፈጨው ክፍሉ፣ የመጥፎውን ኮሌስትሮል መጠን ይቀንሳል፤ ስኳሩም ወደ ደም የሚገባው ቀስ ብሎ ነው፤ ፖታሲየሙ ለደም ግፊት ይበጃል። እኔ እንደምረዳው የጥራጥሬ ዋነኛ ውለታ ለአንጎል የሚደርሰው በዚህ መንገድ፣ ማለትም የደም ሥሮችን ለዓመታት በመጠበቅ ነው። ከዚህ በተጨማሪ የነርቭ ሴሎች እርስ በርስ መልእክት የሚለዋወጡባቸው ንጥረ ነገሮች ከፕሮቲን ቅንጣቶች ይሠራሉ፤ ሴሮቶኒን ትሪፕቶፋን ከሚባለው አሚኖ አሲድ፣ ዶፓሚን ደግሞ ታይሮሲን ከሚባለው ይገኛሉ። ይህ ማለት ግን አንድ ሳህን ምስር የበላ ሰው በማግሥቱ ትውስታው ይሰላል ማለት አይደለም።

በአሜሪካ ከ77 ሺህ በላይ የጤና ባለሙያዎችን አመጋገብ ከ20 ዓመት በላይ የተከታተለና በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነበር። ከዕፅዋት የሚገኝ ፕሮቲን አዘውትረው የበሉት ሰዎች ዕድሜያቸው ሲገፋ የትውስታ መድከም እንደገጠማቸው የተናገሩበት መጠን ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከምግቦቹም መካከል ባቄላና መሰሎቹ ጎላ ያለ ዝምድና አሳይተዋል። በቺካጎ የሚገኘው የራሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረጉት ለአንጎል ጤና የታሰበ የአመጋገብ ሥርዓትም ጥራጥሬ በሳምንት ከ3 ጊዜ በላይ እንዲበላ ያዝዛል። ይሁንና እንዲህ ያሉ ጥናቶች ዝምድናን እንጂ መንሥኤን አያረጋግጡም፤ ይኸው የአመጋገብ ሥርዓት ለ3 ዓመት በሙከራ ተፈትኖ ውጤቱ በ2023 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ ሥርዓቱን በተከተለውና ባልተከተለው ቡድን መካከል በአእምሮ ብቃት ጉልህ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ጥራጥሬ የመርሳት በሽታን የሚከላከል መድኃኒት ነው ብሎ የሚናገር ሰው ከማስረጃው አልፎ ሄዷል። ለልብና ለደም ሥር ያለው ጥቅም ግን በደንብ የተረጋገጠ ስለሆነ፣ ልማዱን ለመያዝ ይህ ብቻ ይበቃል።

ምን ያህል ይበቃል?

ጤናማ አዋቂ ሰው ለያንዳንዱ ኪሎ የሰውነቱ ክብደት በቀን 0.8 ግራም ገደማ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ወደ 50 ግራም ይጠጋል ማለት ነው። ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ለሆኑ ሰዎች ብዙ ባለሙያዎች ከ1 እስከ 1.2 ግራም ይመክራሉ፤ በእርጅና ጊዜ ሰውነት ፕሮቲንን የሚጠቀምበት ብቃት ስለሚቀንስ ነው። የዕፅዋት ፕሮቲን ከሥጋና ከእንቁላል ፕሮቲን ይልቅ በመጠኑ ለመፈጨት ስለሚከብድ፣ ምንጩ ጥራጥሬና እህል ብቻ የሆነ ሰው ከዝቅተኛው ልክ ትንሽ ከፍ ቢያደርግ ይሻለዋል።

አሁን ይህን ቁጥር ወደ ድስት እንመልሰው። 100 ግራም ደረቅ ምስር፣ ባቄላ፣ አተር ወይም ማሾ ከ23 እስከ 26 ግራም ፕሮቲን ይይዛል፤ ሽምብራ 20 ገደማ ነው። የጤፍ፣ የስንዴና የገብስ ዱቄት በ100 ግራም ከ10 እስከ 13 ግራም ይሰጣል። ሽሮ የተለያዩ ጥራጥሬዎች ድብልቅ ስለሆነ በ100 ግራም 20 ግራም አካባቢ ቢታሰብ ከእውነቱ አይርቅም። ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል ይመስላል፣ ነገር ግን በየቤቱ የሚዘነጋው እሱ ነው፦ በሽሮ ወጥ ውስጥ ፕሮቲኑ ያለው በዱቄቱ ነው እንጂ በውኃውና በዘይቱ አይደለም። ለ5 ሰው ምሳ 100 ግራም ሽሮ በብዙ ውኃ አቅጥኖ የሚያቀርብ ቤት ለያንዳንዱ ሰው 4 ግራም ብቻ ያድላል፤ ዱቄቱን ወደ 250 ግራም አሳድጎ ወፈር አድርጎ ቢሠራ ለያንዳንዱ 10 ግራም ይደርሳል። ሚዛን ከሌለ አንድ የሻይ ብርጭቆ ሽሮ ስንት ግራም እንደሚሆን አንድ ጊዜ ባለሱቁ ሚዛን ላይ አስመዝኖ ማወቅና ከዚያ በኋላ በዚያው ብርጭቆ መስፈር ይቻላል።

ዱቄቱ ሲጨምር ዘይቱም አብሮ መጨመር የለበትም። ሲበርድ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የደም ሥርን የሚጎዳው የስብ ዓይነት ነው፤ ሽሮው በዚህ ዘይት እስኪዋኝ ከተሠራ ጥራጥሬው ለደም ሥር ያመጣው ጥቅም ይሸረሸራል። አቅም ሲፈቅድ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት በመጠኑ መጠቀም፣ ቁሌቱንም አስቀድሞ በጥቂት ውኃ አብስሎ ዘይቱን መጨረሻ ላይ ጠብ ማድረግ ይሻላል። ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ እንዳይበልጥ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፤ በርበሬውና ሽሮው አስቀድመው ጨው ገብቶባቸው እንደሆነ ማስታወስም ያስፈልጋል።

እህልና ጥራጥሬን ማጋባት

ፕሮቲን የተሠራው ከብዙ አሚኖ አሲዶች ሲሆን፣ ሰውነት ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸው 9 ናቸው። እህል ላይሲን በሚባለው ይደኸያል፤ በዚህ ረገድ ማሽላ ከሁሉም የባሰ ነው። ጥራጥሬ በአንጻሩ ላይሲን ሞልቶታል፣ የሚያንሰው ሜቲዮኒን የሚባለው ነው፤ እሱን ደግሞ እህልና እንደ ሰሊጥ ያሉ የቅባት እህሎች ይሰጣሉ። ስለዚህ በቃሉ፣ በባቲና በቆቦ ቆላ የማሽላ እንጀራ የሚበላ ቤተሰብ ጥራጥሬን ከማንም የበለጠ ይፈልጋል፤ የማሽላ እንጀራ በሚጥሚጣ ወይም በድልህ ብቻ ሲበላ የሚጎድለው ነገር ብዙ ነው። በጸሎተ ሐሙስ የሚቀርበው ጉልባን የባቄላ ክክና ስንዴ አብሮ የሚቀቀልበት መሆኑን ልብ ይሏል፤ ይህ ጥምረት በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚታሰብበት ምክንያት የለም፤ በሌላ ጊዜም ለቁርስ ሊቀርብ ይገባዋል። እህሉና ጥራጥሬው የግድ በአንድ ጉርሻ መገናኘት አያስፈልጋቸውም፤ በአንድ ቀን ውስጥ መበላታቸው ይበቃል።

ቂጣ ለሚጋግር ቤት ደግሞ ከሁሉም የሚቀለው መንገድ በዱቄቱ ላይ መሥራት ነው። ከስንዴው ወይም ከገብሱ ዱቄት ሦስት እጅ ላይ አንድ እጅ የሽምብራ ዱቄት ቢጨመር ጣዕሙ ብዙም ሳይለወጥ የፕሮቲኑ መጠንም ጥራቱም ያድጋል።

ከሰፌድ እስከ ድስት

በዚህ ክፍል ጠለቅ ብዬ የምሄደው ብዙ ሰው ጥራጥሬ የሚሸሸው ሆዴን ይነፋኛል ወይም ቶሎ አይበስልልኝም በሚል ስለሆነ፣ ሁለቱም ደግሞ በዝግጅት የሚቀረፉ ስለሆኑ ነው።

ጥራጥሬው በሰፌድ ላይ ይለቀም፤ ጠጠሩ፣ ነቀዝ የበላው፣ የሻገተውና ቀለሙ የተለወጠው ይወገድ። ሙሉ ባቄላ፣ ሙሉ አተር፣ ሽምብራና ቦሎቄ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ በብዙ ውኃ ይዘፍዘፉ፤ ማታ ዘፍዝፎ ጠዋት ማግኘት አመቺ ነው። ሙሉ ምስርና ማሾ ጥቂት ሰዓት ይበቃቸዋል፤ ክክና የምስር ክክ ታጥበው በቀጥታ ቢሠሩም ችግር የለም። የተዘፈዘፈበት ውኃ ይደፋ። ሆድን የሚነፉት ስኳሮችና ብረትና ዚንክን አስሮ ሰውነት እንዳይወስዳቸው የሚያደርገው ፋይቴት የተባለው ንጥረ ነገር ከፊላቸው ከዚያ ውኃ ጋር ይወጣሉ። ለዘመናት ጥራጥሬ ያልለመደ ሆድ በአንድ ጊዜ ብዙ ሲጫንበት ያጉረመርማል፤ ስለዚህ ለጀማሪ ሰው መጠኑን በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ማሳደግና ውኃ በደንብ መጠጣት ያስፈልገዋል።

የወሎ ደገኛ ባቄላ አልበስል ብሎ ሲያስቸግረው ጥፋቱ የእንጨቱ ወይም የከሰሉ ብቻ አይደለም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 3,000 ሜትር በሚደርሱት ደጋዎች ወደ 90 ይወርዳል፤ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ደግሞ 94 ገደማ ይሆናል። ውኃው ሲንተከተክ ቢታይም ሙቀቱ አነስተኛ ስለሆነ ጥራጥሬው ረዘም ያለ ጊዜ ይጠይቃል። በዚህ አገር መዘፍዘፍ የማይዘለል ሥራ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ድስት ያለው ቤት ደግሞ ማገዶውንም ጊዜውንም ይቆጥባል። ሎሚና ቲማቲም ልጣጩን ስለሚያጠነክሩ የሚገቡት ጥራጥሬው ከበሰለ በኋላ ነው። እንዲበስል ብሎ ቤኪንግ ሶዳ መጨመር ግን አልመክርም፤ ሶዳው ለነርቭ እጅግ አስፈላጊ የሆነውን ቫይታሚን ቢ1 ያጠፋል፤ ትዕግሥትና አንድ ሌሊት መዘፍዘፍ ከሶዳ የተሻለ ሥራ ይሠራሉ።

ቦሎቄ፣ በተለይም ቀዩ፣ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጥሬው ወይም ግማሽ ብስሉ ከባድ ማስታወክና ተቅማጥ የሚያመጣ ንጥረ ነገር ስላለው፣ ቢያንስ ለ5 ሰዓት ተዘፍዝፎ ውኃው ተደፍቶ በአዲስ ውኃ ላይ ለ30 ደቂቃ በኃይል ከፈላ በኋላ እስኪላቆጥ ድረስ መብሰል አለበት። ለስለስ ባለ እሳት ላይ ብቻ ማዋል አይበቃም።

በቆልት ማድረግም እንደገና ሊለመድ የሚገባው ጥበብ ነው። ባቄላው ወይም ማሾው ተዘፍዝፎ ውኃው ከተንጠፈጠፈ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ጠዋትና ማታ እየታጠበ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ይቆይ፤ ሥር ሲያወጣ ፋይቴቱ ይቀንሳል፣ ጥቂት ቫይታሚን ሲም ይፈጠራል። የበቀለው ጥራጥሬ ግን በጥሬው አይበላ፤ እርጥበቱ ጀርሞችን ስለሚያራባ መቀቀል ይኖርበታል። ከተቀቀለ በኋላ ሎሚ፣ ቃሪያና ጥቂት ዘይት ቢደረግበት ለእራት የሚበቃ ምግብ ነው።

ብረትን በተመለከተ አንድ ነገር ላክል፤ የብረት እጥረት ድካምንና ትኩረት ማጣትን ያመጣልና። በጥራጥሬ ያለው ብረት በደንብ ወደ ደም የሚገባው ቫይታሚን ሲ ካለው ነገር ጋር ሲበላ ነው። አዚፋ ላይ ሎሚና ቃሪያ የሚደረገው ለጣዕም ቢሆንም ለዚህም ይጠቅማል። ቡናና ሻይ ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራሉ። ስለዚህ ምሳ እንደተነሣ ወዲያው ቡና ከመቅዳት አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ማፍላት፣ በተለይ ለነፍሰ ጡሮችና ደም ማነስ ላለባቸው ሰዎች፣ ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

ስለ ጓያ

ስለ ጥራጥሬና ስለ ነርቭ ሲጻፍ በወሎ ምድር ጓያን አለማንሣት አይቻልም። ጓያ ድርቅንም በጥቁር አፈር ላይ የሚያቁር ውኃንም የሚቋቋም፣ ሌላው ሰብል ሲከዳ ጎተራ የሚገባ ጥራጥሬ ነው፤ ፕሮቲኑም ከሌሎቹ አያንስም። በውስጡ ግን የነርቭ ሴሎችን የሚመርዝ ንጥረ ነገር አለ። ከዕለት ምግብ ሲሶ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ጓያ ሆኖ ለሁለት ሦስት ወር ሲዘልቅ ከወገብ በታች ያለውን የሚያዝዙ ነርቮች ይጎዱና እግር ይገተራል፤ የመጣው ሽባነትም ከእንግዲህ አይመለስም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በደላንታና በዳውንት ከድርቅ ቀጥሎ የተነሣው ወረርሽኝ በርካታ ሰዎችን፣ በተለይም ወጣት ወንዶችን፣ በምርኩዝ አስቀርቷል። እነዚያ ሰዎች ያን ሁሉ ጓያ የበሉት አማራጭ አጥተው ነው፤ ይህን ለማንም ለመውቀስ አላነሣውም።

ያን ወረርሽኝ ያጠኑ ባለሙያዎች ለኩሽናችን በቀጥታ የሚጠቅም ነገር አግኝተዋል። ጓያን እንደ ቆሎ፣ እንደ ንፍሮ ወይም ባልበሰለ እሸትነቱ የበሉት ለበሽታው ይበልጥ ተጋልጠው ነበር፤ ከእህል ጋር ቀላቅለው የበሉትና ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ካለበት ወጥ ጋር የተመገቡት አደጋቸው ያነሰ ሆኗል። ከላይ ሜቲዮኒን ያልነው አሚኖ አሲድና መሰሎቹ በእህል ውስጥ መኖራቸው ለዚህ አንዱ ምክንያት እንደሆነ ይታመናል።

ከዚህ የምወስደው መመሪያ ይህ ነው። ሌላ ጥራጥሬ ማግኘት የሚቻልበት ቤት ጓያን የየዕለት የፕሮቲን ምንጩ አያድርግ። የሚጠቀም ከሆነም ከሽሮው ድብልቅ ጥቂቱን ብቻ ይዞ፣ አስቀድሞ በብዙ የፈላ ውኃ ተዘፍዝፎ፣ ውኃው ተደፍቶ፣ እንደገና በአዲስ ውኃ ተቀቅሎና ያም ውኃ ተደፍቶ ይሁን፤ መርዙ በውኃ የሚሟሟ በመሆኑ አብዛኛው በዚህ ይወጣል፤ ጨርሶ ግን አይጠፋም። ማመስ ብቻውን አይበቃም። የጓያ ቆሎና ንፍሮ ለልጆች አይሰጥ። ከገበያ የሚሸመት የተፈጨ ሽሮ ምን እንደገባበት በዓይን መለየት ስለማይቻል፣ ጥራጥሬውን በፍሬው ገዝቶ፣ ለቅሞና አምሶ ራስ ማስፈጨት እጅግ ይመረጣል፤ የጓያ ፍሬ ማዕዘን ያለውና እንደ ሽብልቅ የሾለ ስለሆነ ከአተርና ከሽምብራ ይለያል። እግሩ መክበድ፣ ጉልበቱ መታሰር ወይም ቁርጭምጭሚቱ መንቀጥቀጥ የጀመረው ሰው ጓያውን በዚያው ቀን አቁሞ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ ቶሎ ማቆሙ ጉዳቱ እንዳይብስ ይረዳል።

የአንድ ቀን ማዕድ

60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው አንድ ቀን እንዲህ ሊሆን ይችላል። ጠዋት 60 ግራም የስንዴና 40 ግራም የሽምብራ ዱቄት ድብልቅ ቂጣ 14 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል። ምሳ ላይ 50 ግራም ሽሮ የገባበት ወፍራም ወጥ 10 ግራም፣ የሚበላበት እንጀራም መቶ ግራም ዱቄት ያህል ከሆነ ሌላ 10 ግራም ገደማ ይጨምራል። ማታ 50 ግራም የምስር ክክ ከጎመንና ከእንጀራ ጋር ከ20 ግራም በላይ ይሆናል። ፕሮቲኑ በአንድ ማዕድ ከሚከማች በሦስቱም ቢከፋፈል ሰውነት በተሻለ ይጠቀምበታል፤ በቁርስ ሻይና ዳቦ ብቻ የሚበላበት የከተማ ልማድ በዚህ ረገድ ደካማው ሰንሰለት ነው።

የቡና ቁርስ ደግሞ ወሎ ውስጥ የተዘጋጀ መልካም አጋጣሚ ነው። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ከፈንዲሻ ይልቅ ሽምብራ፣ ገብስና ሱፍ የተቀላቀለበት ቆሎ ወይም የባቄላና የስንዴ ንፍሮ ቢቀርብ፣ አንድ ጭብጥ የሽምብራ ቆሎ ብቻ ወደ 6 ግራም ፕሮቲን ይጨምራል። ቡና የብረትን መምጠጥ ቢቀንስም የፕሮቲኑን ጥቅም አያስቀርም። በቆሎው ላይ ለውዝ የሚጨምር ሰው ደግሞ ሲገዛ ሻጋታ ያለበትን ወይም የመረረውን ማስወገድ ያስፈልጋል።

ለክርስቲያኑ የጾም ወራት፣ ለሙስሊሙ ደግሞ ረመዳን የተለየ አሳብ ይፈልጋሉ። ጾመኛው በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ስለሚበላ በዚያ ማዕድ ላይ ያለው ጥራጥሬ መጨመር አለበት፤ ክክ፣ አዚፋ፣ ስልጆና የሱፍ ፍትፍት በየተራ ቢቀርቡ ምግቡም አይሰለችም። በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ የምስር ሳምቡሳ ተወዳጅ ነው፤ ነገር ግን በዘይት የተጠበሰው ከሚበዛ ምስሩ በሾርባ ቢቀርብ ይሻላል። ለሱሑር ከጣፋጭ ሻይና ከዳቦ ይልቅ ወፍራም ሽሮ ወይም ንፍሮ የሚበላ ሰው ረሀቡ ዘግይቶ ይመጣበታል፤ ቀኑንም አሳቡ ሳይበተን ይሠራል።

ጥራጥሬ የማይሰጠው

ቫይታሚን ቢ12 በጥራጥሬም ሆነ በእህል ውስጥ አይገኝም። ጉድለቱ ደም ማነስን፣ የእጅና የእግር መደንዘዝን፣ የትውስታ መድከምን ያመጣል፤ በጊዜ ካልታከመም ጉዳቱ ይጸናል። ስለዚህ ወተት፣ እርጎ፣ እንቁላል ወይም ዓሣ የሚበላ ሰው ከጾም ውጭ ባሉት ቀናት እነዚህን አይተዋቸው፤ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ ጨርሶ የማይበላ ሰው ግን በሐኪም ምክር የቢ12 እንክብል ይውሰድ። ኦሜጋ ሦስት የሚባለውን ቅባት በተመለከተ ተልባ ባለጸጋ ነው፤ ለስለስ ባለ እሳት ታምሶ ሲወቀጥ እንጂ ሙሉ ፍሬው ሲዋጥ ሳይፈጭ ያልፋል። አንጎል የሚፈልገውን ዓይነት ሰውነት ከተልባ የሚሠራው ግን በጥቂቱ ብቻ ስለሆነ፣ ከሐይቅ የሚመጣውን ዓሣ አልፎ አልፎ ማግኘት የሚችል ሰው ይጠቀምበት። አዮዲን ያለው ጨው ደግሞ ለደገኛው ቤት ግዴታ ነው፤ በእርግዝና ጊዜ የአዮዲን እጥረት የጽንሱን አንጎል ይጎዳል። ጨዉ ሙቀት በሌለበት፣ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ ወጥ ውስጥም መጨረሻ ላይ ይግባ።

ለእናቶች፣ ለሕፃናትና ለአረጋውያን

በጥራጥሬ ውስጥ ፎሌት የሚባለው ቫይታሚን በብዛት ይገኛል፤ ይሁን እንጂ ልጅ ለመውለድ የምታስብ ሴት በጥራጥሬ ብቻ መተማመን የለባትም። የጽንሱ የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ቱቦ የሚዘጋው በተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ፣ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ስለሆነ፣ በቀን 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ (በእንክብል የሚሰጠው ፎሌት) ከእርግዝና በፊት መጀመር ይኖርበታል። ይህን ከጤና ጣቢያ ማግኘትና መጠየቅ ይቻላል።

ሕፃን 6 ወር ሲሞላው ከጡት ወተት ጋር ገንፎ ይጀምራል። በዚህ ዕድሜ የሚደርስ የምግብ እጥረት በአንጎል ዕድገት ላይ የሚያሳርፈው ጠባሳ በኋላ ለመካስ እጅግ ስለሚያስቸግር፣ ከዚህ ጽሑፍ ሁሉ ይህ አንቀጽ ሥራ ላይ ቢውል ለእኔ ይበቃኛል። ሦስት እጅ እህል፣ ለምሳሌ ጤፍ፣ ገብስ ወይም ስንዴ፣ ከአንድ እጅ ልጣጩ ከወጣ ሽምብራ ወይም ምስር ጋር ለየብቻ ታምሶ አብሮ ይፈጭ። ገንፎው በማንኪያ ሲነሣ የሚቆም ያህል ወፍራም ይሁን፤ ቀጭኑ አጥሚት የሕፃኑን ትንሽ ሆድ በውኃ ይሞላል። ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ፣ በተቻለ ቀን አንድ እንቁላል፣ የተፈጨ ጎመን ወይም ካሮት ይጨመርበት። ጓያ በዚህ ድብልቅ ውስጥ ፈጽሞ አይግባ።

አረጋውያን ጥርስ ስለሚከዳቸው ቆሎውንና ንፍሮውን ትተው እንጀራ በወጥ አርሰው ብቻ ይበላሉ። ለእነርሱ የተላቆጠ ክክ፣ የምስር ሾርባና የተፈጨ ሽምብራ ይዘጋጅ፤ ማታ የምግብ ፍላጎት የሌላቸው ከሆነም ጥራጥሬው በቁርስና በምሳ ይብዛ።

ሐኪም ማማከር የሚያስፈልጋቸው ሰዎችም አሉ። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው የፕሮቲኑንና የፖታሲየሙን መጠን ሐኪሙ ሳይወስንለት ጥራጥሬ አይጨምር። ባቄላ ከበላ በኋላ ዓይኑ ቢጫ የሚሆንበት፣ ሽንቱ የሚጠቁርበት ወይም ድንገት የሚደክመው ሰው፣ በተለይም ወንድ ልጅ፣ ባቄላውን ትቶ ወዲያው ይመርመር፤ በደም ውስጥ ባለ የተወለደ ጉድለት ምክንያት ቀይ የደም ሴሎቹ እየፈረሱ ሊሆን ይችላልና። ለፓርኪንሰን በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ፕሮቲን የበዛበት ማዕድ የመድኃኒቱን ሥራ ሊያዘገይበት ስለሚችል፣ ባቄላም ከመድኃኒቱ ጋር ተመሳሳይ የሆነ ንጥረ ነገር በተፈጥሮው ስላለው፣ የሚበላበትን ሰዓትና መጠን ከሐኪሙ ጋር ይወስን።